አዛታዮፕሪን የሄደበት መንገድ፦ ስቴሮይድ ማቆም ያልቻለች የአልሰሬቲቭ ኮላይቲስ ታካሚ የጉዳይ ጥናት

ይህ የጉዳይ ጥናት የሚመለከተው ከአራት ዓመት በላይ ከአልሰሬቲቭ ኮላይቲስ (ትልቁን አንጀት ከሚያስቆጣና ከሚያቆስል ሥር የሰደደ ሕመም) ጋር የኖረች የ31 ዓመት ታካሚን ነው። ጽሑፉ የቀረበው በእሷ ፈቃድ ሲሆን፣ ማንነቷን ሊጠቁም የሚችል ዝርዝር ሁሉ ተትቷል። ወደ እኛ የተላከችበት ደብዳቤ አጭር ነበር፦ «አዛታዮፕሪን ለአምስት ወር ወስዳ አልሠራላትም፤ ጉበቷንም ጎድቷታል። ወደ ባዮሎጂካል መድኃኒት መዛወሯ ይታይልን።» (ባዮሎጂካል የሚባሉት ከሕያው ሕዋሳት የሚሠሩ መድኃኒቶች ናቸው።) ደብዳቤው የያዛቸው ሁለት አቤቱታዎች በላቦራቶሪ ውጤት የተደገፉ ስለነበሩ ስሕተት ናቸው ማለት አይቻልም። ያልተጠየቀው ጥያቄ ግን መድኃኒቱ በአንድ በኩል ሳይሠራ በሌላ በኩል የጎዳበት ምክንያት አንድና ያው ሊሆን አይችልም ወይ የሚለው ነው። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይም ይኸው ጥያቄ ነው።

የሕመሙ ታሪክ

ሕመሙ የጀመራት ደም በተቀላቀለበት ተቅማጥና ሌሊት ሳይቀር ከእንቅልፍ በሚቀሰቅስ የመጸዳዳት ጥድፊያ ነበር። በወቅቱ የተደረገላት ኮሎኖስኮፒ (ትልቁን አንጀት በካሜራ የማየት ምርመራ) ብግነቱ ከፊንጢጣ ተነሥቶ የትልቁን አንጀት የግራ ክፍል መያዙን አሳየ፤ የተወሰደው ናሙናም ምርመራውን አረጋገጠ። በአፍ በሚወሰድና በፊንጢጣ በሚሰጥ ሜሳላዚን በተባለ የአንጀት ብግነት ማብረጃ ሁለት ዓመት ያህል ደህና ከረመች። ከዚያ በኋላ ግን በሽታው በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ አገረሸባት፤ በሁለቱም ጊዜ በቀን 40 ሚሊግራም ፕሬድኒሶሎን የተባለ ስቴሮይድ ተጀምሮላት በየሳምንቱ 5 ሚሊግራም እየተቀነሰ ሲወርድ፣ መጠኑ 10 ሚሊግራም ላይ ሲደርስ ደሙ ይመለስ ነበር። ይህ የስቴሮይድ ጥገኝነት ይባላል፤ ይኸውም ስቴሮይድ በተጀመረ በሦስት ወር ውስጥ ሕመሙ ሳይመለስ ከ10 ሚሊግራም በታች ማውረድ ሳይቻል ሲቀር፣ ወይም መድኃኒቱ በቆመ በሦስት ወር ውስጥ ሕመሙ ሲያገረሽ ነው። ፊቷ አብጦ፣ እንቅልፍ አጥታ፣ በትንሽ በትልቁ የምትናደድ ሆና ነበር። ስቴሮይድ ብግነትን በፍጥነት ያበርዳል፤ በሽታውን ለረጅም ጊዜ አፍኖ ለማቆየት ግን አይሆንም፤ አጥንትን ያሳሳል፣ የስኳር መጠንን ይጨምራል፣ ለተለያዩ ተላላፊ በሽታዎችም ያጋልጣል።

ስለዚህ በዚያው ጊዜ ያከማት ሐኪም የበሽታ መከላከል ሥርዓትን የሚገታ መድኃኒት፣ ማለትም አዛታዮፕሪን፣ ለመጀመር ወሰነ። ዝግጅቱ በጥንቃቄ የተደረገ ነበር። የጉበት ቫይረሶች፣ የሳንባ ነቀርሳና የኤፕስታይን-ባር ቫይረስ ምርመራ ተሠራላት፤ ቲ.ፒ.ኤም.ቲ. የሚባለው ኢንዛይምም ተለክቶ ጤናማ ሆኖ ተገኘ። ይህ ኢንዛይም በግምት ከ300 ሰዎች በአንዱ ላይ ከሞላ ጎደል የማይሠራ፣ ከአሥር ሰዎች በአንዱ ላይ ደግሞ በከፊል ብቻ የሚሠራ ሲሆን፣ ኢንዛይሙ የሌለው ሰው የተለመደውን መጠን ቢወስድ የአጥንት መቅኔው ክፉኛ ሊታፈን ይችላል። የታካሚዋ ክብደት 64 ኪሎግራም ስለነበር በ50 ሚሊግራም ተጀምሮ በአራት ሳምንት ውስጥ ወደ 150 ሚሊግራም ከፍ ተደረገላት፤ ይህ በኪሎግራም 2.3 ሚሊግራም ገደማ ሲሆን፣ ከ2 እስከ 2.5 ተብሎ በሚመከረው ክልል ውስጥ ይወድቃል።

አዛታዮፕሪን ቀስ ብሎ የሚሠራ መድኃኒት ነው፤ ከስምንት እስከ አሥራ ሁለት ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ መጠበቅ ግድ ይላል። በሦስተኛው ወር መጨረሻ ታካሚዋ ከ15 ሚሊግራም ፕሬድኒሶሎን በታች መውረድ አልቻለችም፤ ማቅለሽለሽና ድካም ተጨምሮባታል፤ ከመድኃኒቱ በፊት 22 የነበረው ኤ.ኤል.ቲ. የተባለው የጉበት ኢንዛይም ወደ 118 ወጥቷል (የላቦራቶሪው ጤናማ ጣሪያ 40 ነው)። ብግነቱ ስላልበረደ መጠኑ አንሷት ይሆናል ተብሎ ወደ 175 ሚሊግራም ከፍ ተደረገ። ከስድስት ሳምንት በኋላ ኤ.ኤል.ቲ. 164 ደረሰ፤ ደሙ ግን አልቆመም። ደብዳቤው የተጻፈው ያን ጊዜ ነው።

የመጀመሪያው ምርመራ

ታካሚዋ ወደ እኛ ስትመጣ በቀን ስድስት ጊዜ ያህል ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ነበራት። በሰገራ ውስጥ የሚለካውና የአንጀት ብግነትን የሚያመለክተው ካልፕሮቴክቲን በግራም 940 ማይክሮግራም፣ ሄሞግሎቢኗ 11.1 ሆኖ ተገኘ። ሕመም በተባባሰ ቁጥር መጀመሪያ መጣራት ያለበት ኢንፌክሽን ነው፤ የክሎስትሪዲዮይደስ ዲፊሲልና የሌሎች ተሕዋስያን የሰገራ ምርመራ ነጻ ሆነ። አልሰሬቲቭ ኮላይቲስ ባለበት ሰው የጉበት ኢንዛይም ከፍ ሲል የሐሞት መተላለፊያ ቱቦዎችን የሚያጠብበውን ሕመም ማሰብም ግድ ነው፤ ነገር ግን አልካላይን ፎስፌቴስ የተባለው ሌላው ኢንዛይም ጤናማ ነበር፤ የአልትራሳውንድ ምርመራውም እንከን አላሳየም።

በዚህ ሁሉ መሐል ትኩረታችንን የሳበችው ብዙ ሰው የማያያት አንዲት ቁጥር ነበረች። የቀይ የደም ሕዋስ አማካይ መጠን መድኃኒቱ ከመጀመሩ በፊት 86 ነበር፤ ከአምስት ወር በኋላ 87 ነው። አዛታዮፕሪን በአግባቡ የሚሠራበት ሰው ቀይ የደም ሕዋሳቱ ቀስ በቀስ እየተለቁ ይሄዳሉ፤ ይህ ከየትኛውም ተራ የደም ቆጠራ ላይ ያለ ተጨማሪ ወጪ የሚነበብ ምልክት ነው። አምስት ወር ሙሉ አለመንቀሳቀሱ ከሁለት አንዱን ይጠቁማል፦ ወይ መድኃኒቱ አይወሰድም፣ ወይ ተወስዶ የሚፈለግበት ቦታ አይደርስም።

የመጀመሪያውን ጥርጣሬ እሷም ታውቀው ነበር። «ዶክተር፣ ሁሉም ሰው መድኃኒቱን እንደማልወስድ አድርጎ ነው የሚያናግረኝ» አለችን፤ ከዚያም ያለፉትን ወራት ቀን በቀን ምልክት ያደረገችበትን ማስታወሻ ደብተር አሳየችን። አመንናት፤ ሆኖም እምነታችን ብቻ ለሕክምና ውሳኔ በቂ ስላልነበረ የመድኃኒቱን ውላጆች (መድኃኒቱ በሰውነት ውስጥ ሲለወጥ የሚፈጠሩትን ነገሮች) በደሟ ውስጥ ለማስለካት ደም ላክን። ውጤቱ በአሥር ቀን ደረሰ።

ሦስት መንገዶች

የውጤቱን ትርጉም ለመረዳት መድኃኒቱ በሰውነት ውስጥ የሚያልፍበትን ጉዞ ማወቅ ያስፈልጋል። አዛታዮፕሪን ራሱ ፈዋሽ አይደለም። ወደ ሰውነት እንደገባ ወደ መርካፕቶፑሪን ይለወጣል፤ መርካፕቶፑሪን ደግሞ ሦስት መንገዶች ይጠብቁታል። በአንደኛው መንገድ ዛንቲን ኦክሲዴስ የተባለው ኢንዛይም ጥቅም ወደሌለው ታዮዩሪክ አሲድ ይለውጠውና በሽንት ይወጣል። በሁለተኛው መንገድ ቀደም ብለን ያነሣነው ቲ.ፒ.ኤም.ቲ. ሜቲል-መርካፕቶፑሪን ያደርገዋል። በሦስተኛው መንገድ፣ በተከታታይ በሚሠሩ ኢንዛይሞች አማካይነት፣ ታዮጓኒን ኑክሊዮታይድ ይሆናል። በአንጀት ግድግዳ ላይ የሚዘምቱትን ቲ-ሕዋሳት ወደ ሞት የሚገፋው ይህ የመጨረሻው ነው፤ ራክ1 የተባለውን ፕሮቲን ሥራ በማሰናከል ሕዋሱ በሕይወት የሚቆይበትን ምልክት እንደሚያቋርጥ በ2003 (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የታተመ የላቦራቶሪ ሥራ አሳይቷል። ይኸው ታዮጓኒን ከልክ ሲያልፍ መቅኔን ያፍናል። ሜቲል-መርካፕቶፑሪን በበኩሉ ከበሽታው ፈውስ ጋር እዚህ ግባ የሚባል ግንኙነት የለውም፤ ሲበዛ ግን ጉበትን ያስቆጣል።

ሁለቱም የሚለኩት በ800 ሚሊዮን ቀይ የደም ሕዋሳት ውስጥ በፒኮሞል ነው። በ2000 የታተመና በልጆችና በታዳጊዎች ላይ የተደረገ ጥናት ታዮጓኒን ከ235 በላይ ሲሆን ሕመሙ የመብረድ ዕድሉ እንደሚጨምር፣ ሜቲል-መርካፕቶፑሪን ከ5,700 በላይ ሲወጣ ደግሞ የጉበት ጉዳት እንደሚበዛ አመለከተ፤ ከዚያ ወዲህ ለታዮጓኒን ከ235 እስከ 450 ያለው ክልል የሥራ መለኪያ ሆኖ ቆይቷል። እነዚህ ቁጥሮች እንደ አጥር ግንብ የሚታዩ አይደሉም፤ በ210 ደህና የሚሆን ታካሚ አለ፣ በ400 የማይሻለውም አለ። አቅጣጫ ለማመልከት ግን በቂ ናቸው።

የታካሚዋ ታዮጓኒን 148፣ ሜቲል-መርካፕቶፑሪኗ ደግሞ 14,200 ነበር።

ሁለቱም ዝቅተኛ ቢሆኑ ኖሮ መድኃኒቱ በአግባቡ አልተወሰደም፣ ወይም መጠኑ አንሷል እንል ነበር። ታዮጓኒኑ በክልሉ ውስጥ ሆኖ ብግነቱ ቢቀጥል ኖሮ የደብዳቤው ሐሳብ ትክክል ይሆን ነበር፤ መድኃኒቱ ደርሶ አልሠራም ማለት ነውና፣ ያን ጊዜ ሌላ ዓይነት መድኃኒት መፈለግ ነው። የእሷ ሥዕል ከእነዚህ የተለየ ነው። በሁለቱ ውላጆች መካከል ያለው ጥምርታ 96 ገደማ ሲሆን፣ ብዙዎች ከ20 በላይ የሆነን ጥምርታ መንገድ የመሳት ምልክት አድርገው ይወስዱታል። መድኃኒቱ በሙሉ ይወሰዳል፤ ነገር ግን አብዛኛው ወደ ሁለተኛው መንገድ እየተገለበጠ ጉበቷን ያስቆጣል፣ ወደ አንጀቷ ግን የሚተርፈው ጥቂት ነው። መጠኑን ከ150 ወደ 175 ማሳደጉ ለምን እንዳልረዳም ከዚህ ይታያል፤ እንዲህ ባለ ሰው ላይ የተጨመረው መድኃኒት የሚያሳድገው ከታዮጓኒን ይልቅ ሜቲል-መርካፕቶፑሪንን ነው። የቲ.ፒ.ኤም.ቲ. ምርመራዋ ጤናማ መሆኑም ይህን አይቃረንም። ያ ምርመራ የተሠራው ኢንዛይሙ የጎደለባቸውን ለይቶ ከመቅኔ መታፈን ለመጠበቅ ነው፤ መድኃኒቱ በየትኛው መንገድ እንደሚያዘነብል አስቀድሞ አይናገርም። ብዙ ባልደረቦቻችን «ቲ.ፒ.ኤም.ቲ. ጤናማ ነው» የሚለውን መድኃኒቱ ይስማማል ለሚል ዋስትና ሲወስዱት እናያለን፤ እኛም ከዚህ ነጻ ነበርን አንልም።

ስለ ማስታወሻ ደብተሯ ጉዳይ፣ በደሟ የተገኘው ውላጅ ብዛት የማያሻማ ምስክር ሆነላት። ውጤቱን ስናስረዳት መጀመሪያ የጠየቀችው ስለ ጉበቷ ሳይሆን፣ ይህ ወረቀት ላይ ተጽፎ ይሰጠኝ እንደሆነ ነው። ሰጠናት።

የተመረጠው መንገድና ያልተመረጡት

በፊታችን ብዙ አማራጮች ነበሩ። አዛታዮፕሪንን አቁሞ ወደ ኢንፍሊክሲማብ ወይም ወደ ሌላ ባዮሎጂካል መሄድ ይቻላል፤ ይህ ስሕተት የሌለበት አማራጭ ነው። ነገር ግን በ2014 የታተመው «ዩሲ ሳክሰስ» የተባለ ጥናት በአልሰሬቲቭ ኮላይቲስ ታካሚዎች ላይ እንዳሳየው፣ በ16ኛው ሳምንት ያለ ስቴሮይድ ሕመማቸው የበረደው ኢንፍሊክሲማብን ከአዛታዮፕሪን ጋር ከወሰዱት 39.7 በመቶ ሲሆኑ፣ ኢንፍሊክሲማብ ብቻውን ከወሰዱት ግን 22.1 በመቶ ነበሩ። ስለዚህ አንድ ቀን ወደ ኢንፍሊክሲማብ ብትሄድ እንኳ በሥርዓት የሚሠራ አዛታዮፕሪን አብሯት ቢኖር ትጠቀማለች። የቀኑን መጠን በጠዋትና በማታ ከፍሎ መውሰድ ሜቲል-መርካፕቶፑሪንን እንደሚቀንስ ይታወቃል፤ ሆኖም ታዮጓኒንን ከፍ ስለማያደርግ የእሷን ችግር ግማሹን ብቻ ይፈታል። በመርካፕቶፑሪን መተካት ለማቅለሽለሽ አንዳንዴ ይረዳል፤ መንገዱ ግን ያው ነው።

የመረጥነው አነስተኛ አዛታዮፕሪንን ከአሎፑሪኖል ጋር ማጣመርን ነው። አሎፑሪኖል የታወቀ የሪህ መድኃኒት ሲሆን፣ ከመደበኛ መጠን አዛታዮፕሪን ጋር አብሮ መስጠት በፋርማኮሎጂ ትምህርት ውስጥ ቀድመው ከሚጠቀሱት አደገኛ ውህደቶች አንዱ ነው፤ ሁለቱ ሳይታሰብ ተገናኝተው መቅኔያቸው የጠፋ ሰዎች አሉ። በ2005ና ከዚያ በኋላ የወጡ ሥራዎች ይህንኑ አደጋ በልክ ማዋል እንደሚቻል አሳዩ፦ አዛታዮፕሪን ወደ ቀድሞው መጠን ሩብ ወይም ሢሶ ሲወርድና በቀን 100 ሚሊግራም አሎፑሪኖል ሲታከልበት፣ ታዮጓኒኑ ይወጣል፣ ሜቲል-መርካፕቶፑሪኑ ይወድቃል። አሎፑሪኖል ዛንቲን ኦክሲዴስን ስለሚዘጋ የመጀመሪያው መንገድ መታፈኑ ግልጽ ነው፤ ሁለተኛው መንገድ ለምን እንደሚደርቅ ግን የዚህን ያህል ግልጽ አይደለም፤ አንዱ ማብራሪያ፣ ዛንቲን ኦክሲዴስ ሲዘጋ የሚጠራቀመው ታዮዛንቲን ቲ.ፒ.ኤም.ቲ.ን ራሱን ያግደዋል የሚል ነው።

እዚህ ላይ አንድ የታሪክ ነገር ሳይነሣ ቢያልፍ ያሳዝናል። መርካፕቶፑሪንንም፣ አዛታዮፕሪንንም፣ አሎፑሪኖልንም ያስገኙት የጆርጅ ሂቺንግስና የገርትሩድ ኤልየን ላቦራቶሪ ሰዎች ናቸው፤ ሁለቱ በ1988 የኖቤል ሽልማት ተጋርተዋል። አሎፑሪኖል መጀመሪያ በሰው ላይ የተሞከረው መርካፕቶፑሪን ቶሎ እንዳይበላሽ ለመከላከል፣ በደም ካንሰር ታካሚዎች ላይ ነበር፤ የዩሪክ አሲድ መጠን መውረዱ በዚያው ሲታይ የሪህ መድኃኒት ሆነና በ1966 በአሜሪካ ለሪህ ተፈቀደ። ስለዚህ ዛሬ እንደ አዲስ ዘዴ የሚነገረው ጥምረት መድኃኒቱ መጀመሪያ ወደታሰበበት ሥራ መመለሱ ነው።

አዛታዮፕሪንን ለአንድ ሳምንት አቁመን ኤ.ኤል.ቲ. ወደ 97 መውረዱን ካየን በኋላ 50 ሚሊግራም አዛታዮፕሪን ከ100 ሚሊግራም አሎፑሪኖል ጋር ጀመርን። 50 የ175 ሚሊግራም 29 በመቶ ገደማ ነው። አስቀድሞ የኩላሊቷ ሥራ ጤናማ መሆኑን አይተናል፤ አሎፑሪኖል በመጀመሪያዎቹ ወራት አልፎ አልፎ ከባድ የቆዳ ምላሽ ስለሚያስከትል፣ ሽፍታ ካየች ሁለቱንም አቁማ በዚያው ቀን እንድትደውል ነገርናት። የደም ቆጠራ ለመጀመሪያው ወር በየሳምንቱ፣ ለሚቀጥለው ወር በየሁለት ሳምንቱ እንዲደረግ ተስማማን። መድኃኒቱን ያዘዝንበትን ወረቀት ያየው ፋርማሲስት ማዘዣውን ሳያወጣ ደውሎ ጠየቀን፤ ደግ አደረገ። መጠኑ ሆን ተብሎ መቀነሱን የሚገልጽ ደብዳቤ ጽፈን ከማዘዣው ጋር እንዲያያዝ አደረግን።

ለውጡና መሰናክሉ

በሁለተኛው ሳምንት ማቅለሽለሹ ለቀቃት። በአራተኛው ሳምንት፣ ውላጆቹ ወደ ቋሚ ደረጃቸው ይደርሳሉ ተብሎ በሚታሰብበት ጊዜ፣ በተወሰደው ደም ታዮጓኒኑ 326፣ ሜቲል-መርካፕቶፑሪኑ 640፣ ኤ.ኤል.ቲ. ደግሞ 28 ሆኖ ተገኘ። ነጭ የደም ሕዋሳቷ 5.4 (በማይክሮሊትር፣ በሺህ) ነበሩ። ቀድሞ በ175 ሚሊግራም ያልተገኘው በ50 ሚሊግራም ተገኘ ማለት ነው። ፕሬድኒሶሎንን በየሁለት ሳምንቱ በ2.5 ሚሊግራም መቀነስ ጀመርን።

በሰባተኛው ሳምንት የሆነው ግን የእኛን ድክመት ያሳየ ነው። ሕክምናውን ስንለውጥ፣ ታካሚዋ በቤቷ በርካታ የአዛታዮፕሪን ክኒኖች ስለቀሯት፣ እነዚያኑ በቀን አንድ አንድ እንድትወስድ በቃል ነገርናት። በዕቃው ላይ የተለጠፈው የድሮ ጽሑፍ ግን «በቀን ሦስት» ይል ነበር። ታካሚዋ ጉዞ ላይ እያለች ያለፈችበት ድካምና ጥድፊያ ተደምሮ፣ የዕቃውን ጽሑፍ ተከትላ ለአራት ቀን ሦስት ሦስት ወሰደች። በአምስተኛው ቀን ክኒኖቹ ከጠበቀችው በላይ መቀነሳቸውን አስተውላ ደወለች። ሁለቱንም መድኃኒቶች በዚያው ሰዓት አስቆምናት። በማግስቱ ነጭ የደም ሕዋሳቷ 4.6 ስለነበሩ ጉዳዩ ያለፈ ሊመስል ይችል ነበር፤ ሆኖም የመቅኔ መታፈን በደም ቆጠራ ላይ የሚታየው ዘግይቶ ነው። በዘጠነኛው ቀን ነጭ የደም ሕዋሳቱ 2.7፣ ኒውትሮፊል የተባሉት ኢንፌክሽን የሚከላከሉ ነጭ ሕዋሳት ደግሞ 1.2 ሆኑ፤ ታዮጓኒኑ 610 ደርሶ ነበር። ትኩሳት ካለ ሳይውል ሳያድር ወደ ድንገተኛ ክፍል እንድትሄድ አስጠንቅቀን በየሦስት ቀኑ ደሟን እያየን ጠበቅን። ትኩሳት አልመጣም። በ19ኛው ቀን ቁጥሩ ወደ 4.4 ተመለሰ፤ በዚያው 50ና 100 ሚሊግራም እንደገና ጀመርንላት፣ የሳምንቱ ቆጠራም ከመጀመሪያው ተቆጠረ።

ይህን ስሕተት የታካሚዋ አድርጎ መመዝገብ ይቀል ነበር፤ ምንጩ ግን በዕቃው ላይ የነበረውን ጽሑፍ ሳናስለውጥ በቃል ያስተላለፍነው ትእዛዝ ነው። ከዚያ ወዲህ አሎፑሪኖል የሚጀምር ታካሚ ሁሉ በእጁ ያለውን አሮጌ አዛታዮፕሪን ለመድኃኒት ቤት እንዲመልስ እናደርጋለን፤ አዲሱም ማዘዣ የሚወጣው ለአራት ሳምንት በሚበቃ መጠን ብቻ ነው። ሁለቱ መድኃኒቶች አብረው እንዲቆሙ እንጂ አንዱ ብቻ እንዳይቀጥል የሚል ቃልም በማዘዣው ላይ እንጽፋለን፤ አሎፑሪኖሉን ብቻ ብታቆም ታዮጓኒኑ ይወድቃል፤ አሎፑሪኖሉ ሳይቆም አዛታዮፕሪኑ ከፍ ቢል ደግሞ የሆነው ይደገማል።

መድኃኒቱ ቆሞ በነበረበት ጊዜ ፕሬድኒሶሎኑን በ10 ሚሊግራም አቆይተነው ነበር። ሕክምናው ከተጀመረ በ22ኛው ሳምንት ስቴሮይድ ሙሉ በሙሉ ቆመላት፤ ከሁለት ዓመት በኋላ መጠኑን ከ10 በታች አውርዳ ደም ያላየችበት የመጀመሪያው ጊዜ ነው። በስምንተኛው ወር በተደረገው ኮሎኖስኮፒ ቀድሞ ቆስሎ የነበረው የአንጀት ግድግዳ ድኖ ተገኘ፤ በፊንጢጣ አካባቢ ብቻ ቀለል ያለ መቅላት ቀርቷል። ካልፕሮቴክቲኑ 74፣ የቀይ የደም ሕዋሳት አማካይ መጠን ደግሞ 96 ነበር።

ከፈውሱ ጋር አብሮ የሚሄደው ሥጋት

ሕመሙ በረደ ማለት ውይይቱ አለቀ ማለት አይደለም። ታዮፑሪኖች (አዛታዮፕሪንና መርካፕቶፑሪን የሚገኙበት የመድኃኒት ቤተሰብ) የሊምፎማን፣ ማለትም የሊምፍ ሕዋሳት ካንሰርን፣ ዕድል ይጨምራሉ፤ በፈረንሳይ ከ19,000 በላይ ታካሚዎችን የተከታተለውና በ2009 የታተመው «ሴሳም» ጥናት መድኃኒቱን በሚወስዱት ላይ ሥጋቱ ፈጽሞ ካልወሰዱት በአምስት እጥፍ ገደማ እንደሚበልጥ አሳይቷል። በዚህ ዕድሜ ላለ ሰው መነሻው ዕድል በጣም ትንሽ ስለሆነ አምስት እጥፉም ትንሽ ነው፤ ቢሆንም ታካሚዋ ቁጥሩን ሰምታ ራሷ መመዘን አለባት ብለን ስለምናምን ሁለቱንም አንድ ላይ ነገርናት። የኤፕስታይን-ባር ቫይረስ ምርመራዋ ቀድሞ መያዟን ስለሚያሳይ፣ ቫይረሱን በመድኃኒቱ ላይ ሳለች ለመጀመሪያ ጊዜ ከመያዝ የሚመጣው ከባድ ችግር አያሰጋትም። ለቆዳ ካንሰር ሥጋት ከጠንካራ ፀሐይ ራሷን እንድትጠብቅ፣ የማኅፀን በር ምርመራ በጊዜው እንድታደርግ፣ ሕይወት ያላቸው ተሕዋስያን ያሉባቸውን ክትባቶች እንዳትወስድ ተመከረች፤ የሳንባ ምችና የኢንፍሉዌንዛ ክትባቶችን ወስዳለች።

ይህ ጥምረት ለሁሉም የሚታዘዝ አይደለም። የደም ቆጠራውን በየሳምንቱ ማድረግ የማይችል፣ ኩላሊቱ የደከመ፣ ወይም የቲ.ፒ.ኤም.ቲ. ጉድለት ያለበት ታካሚ ላይ አንሞክረውም። የውላጅ ምርመራ በማይገኝበት ቦታም በግምት አሎፑሪኖል መጨመርን አንደግፍም፤ እዚያ የቀይ የደም ሕዋስ መጠንና የጉበት ኢንዛይም አብረው ሲታዩ ጥርጣሬን ሊያጭሩ ይችላሉ፣ ውሳኔ ለመስጠት ግን አይበቁም።

በ14ኛው ወር ክትትል ታዮጓኒኗ 298፣ ሜቲል-መርካፕቶፑሪኗ 710፣ ኤ.ኤል.ቲ. 24፣ ሄሞግሎቢኗ 13.0 ነበር። በዚያው ቀን ልጅ መውለድ እንደምትፈልግ ነገረችን። በእርግዝና ወቅት አዛታዮፕሪንን መቀጠል በዘርፉ መመሪያዎች የተፈቀደ ነው፤ ሕመሙ ተነሥቶ ከሚያስከትለው ጉዳት መድኃኒቱን መቀጠል ይሻላልና። አሎፑሪኖልን በሚመለከት ያለው ልምድ ግን እጅግ የጠበበ ነው። በዚያ ላይ እርግዝና ራሱ ታዮጓኒንን ዝቅ፣ ሜቲል-መርካፕቶፑሪንን ከፍ ያደርጋል፤ ማለትም አካሏ ቀድሞውኑ ወደሚያዘነብልበት አቅጣጫ ይገፋታል። ከእሷና ከማኅፀን ሐኪሟ ጋር ሁለት ጊዜ ከተወያየን በኋላ፣ ከመፀነሷ በፊት አሎፑሪኖሉን አቁማ ወደ ኢንፍሊክሲማብ እንድትዛወር፣ አዛታዮፕሪኑ ደግሞ ውላጆቹ እየተለኩ በ50 ሚሊግራም ለጊዜው አብሮ እንዲቆይ ተወስኗል። የመጀመሪያው የኢንፍሊክሲማብ ቀጠሮዋ ተይዟል፤ የሳንባ ነቀርሳና የጉበት ቫይረስ ምርመራውም ከዚያ በፊት እንዲደገም ታዟል።